የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች የእንቅልፍ ችግር ስለሚደረግ ድጋፍ

ውድ አባላት፣

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች እንቅልፍ ሲያጡ፣ ችግሩ የውስንነቱ አንድ አካል ተደርጎ ስለሚቆጠር ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። ከሁሉ አስቀድመን ልንጠነቀቅለት የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ሕመሙን በቃል መግለጽ የማይችል ሰው የጥርስ ሕመም ወይም የሆድ ድርቀት ሲቀሰቅሰው፣ እኛ የምናየው ጩኸቱን ወይም ራሱን መምታቱን ብቻ ነው። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሰዎች ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ የአየር መተላለፊያ መዘጋት በብዛት ስለሚታይ፣ ማንኮራፋትና የቀን ማንቀላፋት ካለ የሐኪም ምርመራ ይቅደም። የመኝታ ሰዓቱም ይጠየቅ፤ ለተረኛው ሠራተኛ እንዲመች ተብሎ ምሽት 2 ሰዓት የተኛ ሰው ሌሊት 10 ሰዓት ቢነቃ፣ 8 ሰዓት ተኝቷልና እንቅልፍ አጥቷል ሊባል አይገባም።

የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ላለባቸው አዋቂዎች በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና (እንቅልፍን የሚያውኩ ሐሳቦችንና ልማዶችን ያለ መድኃኒት የሚቀይር ሕክምና)፣ የተኙበትና የነቁበት ሰዓት በየቀኑ የሚጻፍበትን የእንቅልፍ መመዝገቢያ በሥዕል በማዘጋጀትና ተንከባካቢዎችን በማሠልጠን ለእነዚህም ሰዎች ሊመቻች ይችላል። ሆኖም የእንቅልፍ እጥረት የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ የዚህ ሕክምና አንድ ክፍል የሆነውን፣ በአልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት የመቀነስ ዘዴ፣ በሽታው ላለባቸው ሰዎች ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳትጠቀሙ አደራ እላለሁ።