የድሮ የስልክ ጣቢያዎችን ታሪክ እናጋራ፤ በራቸውን ግን አናሳይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የድሮ የቴሌ ጣቢያዎችን፣ የዛጉ ታወሮችን፣ ሽቦ የሌላቸውን የስልክ እንጨቶችና የተዘጉ የመሣሪያ ክፍሎችን እየፈለጉ ፎቶ የሚያነሱ፣ ያነሱትንም በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚያጋሩ ወጣቶች አሉ። ሥራቸው የሚደገፍ ነው። የቤተ መንግሥቱና የገዳማቱ ታሪክ ጸሐፊ አላጣም። ድምፅ ከከተማ ከተማ እንዴት ይሻገር እንደነበር የሚያሳየው ብረት ግን በወጉ ሳይመዘገብ እየተቆራረጠ ወደ ቆራሌው ይሄዳል። ቅሬታዬ አንድ ነው። ከፎቶው ጋር የጣቢያውን ትክክለኛ መገኛ፣ የገቡበትን ቀዳዳና ውስጥ የቀረውን ዕቃ አብረው ያወጣሉ። ይህ መቅረት አለበት። በምትኩ መጻፍ ያለበትና ብዙዎች የሚዘሉት ቁም ነገር ሞልቷል።

መጀመሪያ ስለ መገኛው። ባሕር ዳር 11.6 ሰሜን፣ 37.4 ምሥራቅ ላይ ናት ብሎ መጻፍ ማንንም አይጎዳም፤ ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ብቻ ሲኖር ቦታው የሚታወቀው በ11 ኪሎ ሜትር ግምት ነው። ሁለት አኃዝ ሲሆን ግምቱ ወደ 1.1 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሲሆን ወደ 110 ሜትር፣ አራት ሲሆን ወደ 11 ሜትር ይጠብባል። ስልኮቻችን ስድስት አኃዝ ይሰጣሉ፤ ያ ደግሞ ፎቶውን ያየውን ሰው በቀጥታ በሩ ላይ ያቆመዋል። ለታሪክ አንባቢ “ከባሕር ዳር ወደ ወረታ አቅጣጫ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ” ይበቃዋል። አራተኛው አኃዝ ከማንም በላይ የሚጠቅመው መጋዝ ይዞ ለሚመጣው ነው። እኔም በዚህ ደብዳቤ አንድም ጣቢያ በስም የማልጠራው ለዚሁ ነው።

የሚፈለገው መዳብ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአየር ላይ የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር ወደ 63 ኪሎ ይመዝናል። አንድ የስልክ መስመር ጥንድ ሽቦ ስለሚፈልግ በየኪሎ ሜትሩ ከ125 ኪሎ በላይ መዳብ ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው። የዚህ አብዛኛው ተነሥቷል። አሁን ሌባ የሚያነጣጥረው ታወር ሥር በተቀበረው፣ መብረቅን ወደ መሬት በሚያወርደው የኤርዝ ሽቦ ላይ ነው፤ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው በሜትር ወደ 450 ግራም መዳብ አለው። ጉዳቱ የሚከፋውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሰው አልባ መስሎ የሚታየው ታወር ብዙ ጊዜ በሥራ ላይ ነው። የድሮው ዲሽ ሥራ ካቆመ ዓመታት አልፈው ይሆናል፤ ታወሩ ግን ከላይ የሞባይል አንቴና ተሸክሟል። ኤርዙ ሲቆረጥ ኔትወርኩ በዚያው ቀን አይጠፋም፤ ማንም ሳያውቅ ክረምት ይገባል። በደህናው ጊዜ የኤርዙ ሬዚስታንስ ከ5 ኦም እንዳይበልጥ ይደከማል። ሽቦው ከተነሣ በኋላ የወረደ መብረቅ ግን መሬት የሚገባበት መንገድ ስለሚያጣ በአንቴናው ኬብል በኩል ወደ መሣሪያ ክፍሉ ይዘልቃል፤ ኤሌክትሪኩን ለመሣሪያዎቹ የሚያስተካክለውን ሬክቲፋየርና የራዲዮ ካርዶቹን ያቃጥላል። ሐምሌ ላይ የአንድ ወረዳ ስልክ ድንገት ጸጥ ቢል መነሻው የካቲት ላይ የተቆረጠ ሽቦ ሊሆን ይችላል። ከታወሩ የታችኛው ክፍል የማዕዘን ብረት እየፈቱ መውሰድም እንዲሁ ነው። ቀጫጭኖቹ አግዳሚ ብረቶች ጌጥ አይደሉም፤ ዋናዎቹ እግሮች ተጣመው እንዳይታጠፉ የያዟቸው እነሱ ናቸው። ጥቂቱ ሲጎድል ታወሩ ቆሞ ይቆያል፤ የሚወድቀው ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ነው።

ጣቢያው በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ አጥር መዝለል አያስፈልግም። ቁልፉ አዲስ ከሆነ፣ ሣሩ ከታጨደ፣ የፋን ወይም የጄኔሬተር ድምፅ ከተሰማ፣ ማታ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ከበራ፣ ከድሮው ዲሽ በላይ ረዘም ያሉ ነጭ የሞባይል አንቴናዎች ከታዩ ጣቢያው ይሠራል። እንዲህ ያለው ቦታ ፎቶ የሚነሣው ከውጭ፣ ያውም አስፈቅዶ ብቻ ነው። አሁን ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ካሜራ ይዞ ታወር ሥር መገኘት ለራስም ለዘበኛውም ጣጣ ነው። ድሮን ያለ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይበርም።

አሁን ሊጻፍ ወደሚገባው ልምጣ። የጣና ዳር ጣቢያ ከሌላ ቦታ ጣቢያ የሚለይበት ምክንያት ራሱ ሐይቁ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ መስመር ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ስልኩን ያለ ሽቦ ከዲሽ ወደ ዲሽ የሚያሻግረው የራዲዮ ጨረር፣ ማይክሮዌቭ፣ እንዲሻገር ሁለቱ አንቴናዎች መተያየት አለባቸው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የሁለቱን አንቴናዎች ቁመት በሜትር ወስዶ የየአንዳንዱን ስኩዌር ሩት መደመርና በ4.12 ማባዛት፤ የሚገኘው ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። ሐይቁ ዳር የቆሙ ሁለት የ50 ሜትር ታወሮች በዚህ ስሌት እስከ 58 ኪሎ ሜትር ብቻ ይተያያሉ። ሁለቱንም 75 ሜትር ብናደርጋቸው 71 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ፤ ነገር ግን ጨረሩ ውኃውን እየነካ ያልፋል፣ ያም አይበቃም። በ7 ጊጋኸርዝ፣ በ70 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በመንገዱ መካከል ላይ ጨረሩ ዙሪያውን ወደ 27 ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቦታ ይፈልጋል፤ ቢያንስ የዚህ 60 በመቶ ከእንቅፋት ነፃ መሆን አለበት። ጣቢያ ከከተማ ርቆ መኪና በማይወጣው ኮረብታ ላይ የሚተከለው ለዚህ ነው።

ኮረብታው ከተገኘ በኋላም ሐይቁ ሌላ ችግር ያመጣል። ማለዳ ውኃው ሲረጋ የሐይቁ ገጽ ጨረሩን እንደ መስተዋት ይመልሰዋል። ተቀባዩ ጋ በቀጥታ የመጣውና ከውኃው ነጥሮ የመጣው ሲገናኙ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይጠፋፋሉ። አየሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የጨረሩ መታጠፍ ስለሚለወጥ ሲግናሉ ይወጣል፣ ይወርዳል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ አንዱን ጣቢያ ከፍ ያለ ቦታ፣ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ከውኃው ራቅ ብሎ መትከል ነው። ጨረሩ የሚነጥርበት ነጥብ ወደ ዝቅተኛው ጣቢያ ስለሚጠጋ ጨረሩ ውኃው ላይ መንጠሩ ይቀርና ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ይበተናል። ሁለተኛው፣ በአንድ ታወር ላይ ሁለት ዲሾችን አንዱን ከሌላው ብዙ ሜትር በላይ አድርጎ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ነው። አንደኛው ላይ ሲግናሉ ሲጠፋ ሌላኛው ላይ ይገኛል፤ መሣሪያው የተሻለውን ይመርጣል። ፎቶ አንሺዎች ላይኛውን ዲሽ ብቻ አቅርበው አንስተው ታችኛውን ከፍሬም ውጭ ሲያስቀሩት ጣቢያው ከጣና ጋር ያደረገው ትግል አብሮ ይቀራል። ሁለቱንም በአንድ ፎቶ ያንሱ፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀትም የታወሩን ክፍሎች ቆጥረው ይገምቱ።

ዲሹ የወንፊት ዓይነት ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ 2 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ነው፤ ነፋስ ስለሚያሳልፍ ታወሩን አያስጨንቅም። ድፍኑ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ነው። ከጀርባው የሚወርደውን ኬብልም ያስተውሉ። ሞላላና ቀለበት ቀለበት መስሎ የተሸበሸበው ዌቭጋይድ፣ ማለትም ጨረሩን ከመሣሪያው ወደ ዲሹ የሚያደርሰው የብረት ቱቦ፣ ነው፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ደረቅ አየር ይሞላበት ነበር። የአየር ቱቦው ተበጥሶ ከሆነ እርጥበት ገብቶ ሲግናሉን ማዳከሙ አይቀርም። አቅጣጫ በኮምፓስ ሲለካ ከታወሩ 20 ወይም 30 ሜትር መራቅ ግድ ነው፤ ብረቱ መርፌውን ያሳስታል። የፋብሪካ ሰሌዳ ሲገኝ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አንስቶ የእጅ መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርጎ ማብራት ነው፤ ፊት ለፊት ከበራ ፊደሉ ይጠፋል። በሽቦ ብሩሽ መፋቅ፣ ዘይት መቀባት ጨርሶ አይገባም።

የስልክ እንጨቶቹም ይነበባሉ። ሽቦው የሚታሰርባቸው፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፉት ስኒዎች ስንት እንደሆኑ ከተቆጠረ ስንት ጥንድ መስመር እንደነበረ ይታወቃል። በየተወሰነው እንጨት ላይ ጥንዶቹ ቦታ የሚለዋወጡበት ማሠሪያ አለ፤ ይህ የአንዱ መስመር ወሬ ወደ ሌላው እንዳይገባ የሚደረግ ነው። ጥቁር ቅባት የጠጣው እንጨት እንዳይበሰብስ ክሪኦሶት የተባለ መርዛማ ቅባት የገባበት ነው፤ ለምግብ ማብሰያ መንደድ የለበትም።

ወደ ውስጥ መግባትን በተመለከተ ቁርጥ ያለ ነገር ልበል፦ አይግቡ። የባትሪ ክፍሉ ባለ 2 ቮልት 24 ሴሎች ተያይዘው 48 ቮልት የሚሰጡበት ነው። ቮልቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ መድፈር ያጠፋል፤ በሥራ ላይ ያለ ባትሪ ሁለት ጫፉ በመፍቻ ከተገናኘ በሺህ የሚቆጠር አምፒር ያወርዳል፣ ብረቱን ያቀልጣል። አየር በማያገኝ ክፍል ውስጥ ሃይድሮጅኑ 4 በመቶ ሲደርስ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ሌቦች የባትሪውን እርሳስ (ሊድ) ሲወስዱ ወለሉ ላይ የደፉት አሲድም ጫማ ይበላል። የድሮ ካፓሲተሮች ውስጥ መርዛማ ዘይት ሊኖር ይችላል፤ የተሰበረ የአስቤስቶስ ቆርቆሮ አቧራ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። የሌሊት ወፍ ኩስ በተከመረበት ክፍል መርገጥ የሚያስነሣው ብናኝም የሳንባ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ኬብል የሚያልፍበት የመሬት ውስጥ ጉድጓድ፣ ማንሆል፣ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ንጹሕ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በታች ከሆነ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አይወረድም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ጓደኛውን ለማውጣት ተከትሎ የወረደም እዚያው የሚቀረው በዚህ ነው። በሽቦ የተወጠረ ታወር ካለ የውጥረት ማስተካከያውን ብሎን ማንም አይንካው።

ፎቶውን ከማውጣት በፊት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። የስልኩ ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመገኛ ምልክቱን ማጥፋት ይቀድማል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል መገኛውን ይጥላል፤ እንደ ፋይል የተላከ ግን ይዞት ይሄዳል፤ ብዙዎች ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለው በፋይል ስለሚልኩ ሳያውቁ አድራሻውን ያድላሉ። ከኋላ የሚታየው የደሴት ወይም የተራራ ቅርጽም ለአገሬው ሰው በቂ ምልክት ስለሆነ መቆረጥ አለበት። ቁልፍ፣ በር፣ የአጥር ክፍተት፣ የቀረ ባትሪና ኬብል የሚታይበት ፎቶ ለራስ መዝገብ ይቀመጥ። ትክክለኛው መገኛና የዲሹ አቅጣጫም እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ ለሕዝብ ግን “ወደ ሰሜን ምሥራቅ” ማለት ይበቃል።

የሕጉን ጉዳይ በአጭሩ፦ የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ አውታሮችን ደህንነት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 464/1997 አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያዛል። አንዲት ስኒ እንኳ “ለማስታወሻ” ተብላ መነሣት የለባትም፤ ከቦታዋ ስትነሣ የትኛው መስመር ላይ እንደነበረች የሚነግር ነገር አይቀርም።

የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ እነዚህን መዝገቦች የሚቀበል አንድ ባለሙያ ቢመድብ፣ ጣቢያውን የያዘውም ድርጅት ከማፍረሱ በፊት ለአንድ ቀን በሠራተኛ ታጅቦ ፎቶ ማንሣትን ቢፈቅድ ወጣቶቹ አጥር የሚዘሉበት ምክንያት አይኖራቸውም። ጋዜጣችሁም እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሳችሁ የመጀመሪያውን ፋይል ሳይሆን መገኛው የጠፋለትን ቅጂ አትሙ፤ በመግለጫውም ላይ ከወረዳ ስም ወርዳችሁ ቀበሌና ጎጥ አትጥቀሱ።

ከአክብሮት ጋር
የማይክሮዌቭ ትራንስሚሽን ጥገና ባለሙያ
ባሕር ዳር