በመንዝ ለሚኖር ወዳጄ

ደብረ ብርሃን

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔ ከነቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ መንገዱም ዘመኑም አላገናኘንም። አሁን ብዕር ያስነሣኝ ከመሐል ሜዳ የመጣችው እኅትህ የነገረችኝ ነገር ነው። የልጅህ ሕመም ቢደጋገምብህ አንድ «አዋቂ» ዘንድ መሄድህን፣ እርሱም መተት ተደርጎባችኋል ብሎ ጎረቤትህን ሸክላ ሠሪዋን እንደ ጠቆመህ፣ ከዚያ ወዲህ በደጇ ማለፍ ትተህ ሌሊቱን አጋንንት ሲጮኹ የተቀረጸውን ሁሉ በስልክህ ስታይ እንደምታድር ሰማሁ።

ክፉ መንፈስ የለም ብዬ ልከራከርህ አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ ባላጋራችን እንደሚያገሣ አንበሳ የሚውጠውን ፈልጎ ይዞራል ሲል ተረት አልነገረንም። ነገር ግን አስከትሎ ያለው «በእምነት ጸንታችሁ ተቃወሙት» ነው እንጂ በራችሁን ዘግታችሁ ተንቀጥቀጡ አላለም፤ ያዕቆብም በመልእክቱ «ዲያብሎስን ተቃወሙ ከእናንተም ይሸሻል» ሲል ሸሺው ማን እንደ ሆነ አስታውቆናል። በመጽሐፈ ኢዮብ ሰይጣን ያለ ፈቃድ አንዲት ነገር እንኳ ሊነካ አልቻለም። በጌርጌሴኖን የነበረው፣ ሌጌዎን የተባለው የአጋንንት ጭፍራም ወደ እሪያዎች ለመግባት ጌታን ለምኖ ነው የገባው፤ የመነኮሳት አባት የሚባለው አባ እንጦንስ ይህን ለደቀ መዛሙርቱ እያነሣ፣ በእሪያ ላይ ሥልጣን የሌለው በእግዚአብሔር መልክ በተፈጠረ ሰው ላይ ከቶ አይኖረውም ብሎ ያጽናናቸው ነበር። እንጦንስ ደግሞ አጋንንትን በወሬ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አንተም በአርባ ቀንህ ክርስትና ስትነሣ፣ የክርስትና አባትህ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ አንተ ሰይጣንን ካደ፤ ወደ ምሥራቅም ዞሮ በሥላሴ ማመንህን መሰከረ፤ በቅብዓ ሜሮንም ታተምክ። ያ ማኅተም በአንድ ጠንቋይ ቃል የሚፋቅ ቢሆን ኖሮ ጥምቀታችን ምን ዋጋ ነበረው? ድፍረታችን ከእኛ ብርታት የመጣ ቢሆን መፍራትህ ልክ በሆነ ነበር፤ እኛ ግን የታመንነው በመስቀል ላይ ድል በነሣው በእርሱ ነው።

እኔ የምኖርባትን ይህችን ከተማ የቆረቆራት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለሃይማኖቱ የሚቀና፣ የተማረ ንጉሥ ነበር። ሆኖም ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው የመተተኞችን ሥራ እጅግ ይፈራ ስለ ነበር ካህናቱ በቤተ መንግሥቱ ያለ ዕረፍት መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ፣ ጠበልም ይረጩ ነበር። መዝሙሩም ጠበሉም መልካም ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ የኋላው ነው። በዚያው ዘመን ጣዖት አምልካችኋል በሚል ክስ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ ተገርፈዋል፤ የሞቱም አሉ። ፍርሃት ባላጋራውን በዓይኑ ማየት ስለማይችል፣ በቅርብ ያገኘውን ሰው ይይዛል። የእኛም አገር ሰው ጠይቡን «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ የኖረው በዚሁ መንገድ ነው፤ እርሱ በቀጠቀጠው ማረሻ አርሶ፣ ሚስቱ በሠራችው ድስት ወጥ በልቶ፣ ከማዕዱ ግን ያርቀዋል። እኔ እንደማምነው ሰይጣን በልጅህ ሕመም ካተረፈው ይልቅ አንተን ከዚያች ሴት በመለየት ያተረፈው ይበልጣል።

ከቡልጋ የወጡት አባታችን ተክለ ሃይማኖት ሌላ መንገድ አሳይተውናል። ገድላቸው እንደሚነግረን ሰይጣን አድሮበት ሕዝቡ ይሰግድለት ወደ ነበረው ዛፍ ራሳቸው ቀርበው በጌታ ስም አዘዙት፤ ማንን እንጠርጥር እያሉ በመንደር ለመንደር አልዞሩም።

ስለዚህ ያን የስልክ ትዕይንት ተወው። ሰባው አርድእት አጋንንት ተገዙልን ብለው ደስ ሲላቸው፣ ጌታ ስማችሁ በሰማያት ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ አላቸው እንጂ የአጋንንቱን ጩኸት ተቀምጠው እንዲያዳምጡ አላደረገም። (ለነገሩ ከእነዚህ ቀረጻዎች አንዳንዱ ለገበያ የተሠራ ነው ባይ ነኝ።) ማታ ማታ መዝሙር 90ን ከልጆችህ ጋር ድገሙ፤ «ከቀትር ጋኔን አትፈራም» የሚለው እዚያው ነው። ለነፍስ አባትህም ሁሉን ንገራቸው፤ ከአዋቂው የተቀበልከውን ክታብም ስጣቸው።

ልጁን ይዘህ ወደ እኛ ና፤ እዚህ ሐኪም ያየዋል፤ ጠበሉም አይቀርም፤ ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጉደል አይደለምና መድኃኒቱን እንዳታስቆርጠው አደራ። ስትመጣም ባለቤቴ ጀበናዋ ስለ ተሰበረ አንድ ጀበና ከጎረቤትህ እንድትገዛላት ለምናሃለች፤ ዋጋውን እዚህ እንከፍልሃለን። ደብዳቤውን ለእኅትህ ሰጥቻታለሁ፤ የምትመጣበትን ቀን በእርሷ በኩል ላክብኝና መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላችኋለሁ።

ወዳጅህ