እንጀራ ትቻለሁ ላልከው ልጄ

መሐል ሜዳ፣ መንዝ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናህ እንዴት ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ታላቅ እህትህ እንጀራ መተውህን ከነገረችን ወዲህ እናትህ «ታዲያ ምን ሊበላ ነው?» እያለች ታደርቀኛለች። አጎትህን ስኳር ስለያዘው መፍራትህን አልነቅፍም፤ በዘርም የሚመጣ ነገር ነውና መጠንቀቅህ ደግ ነው። ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ገብቶ ስኳር የሚሆነው የእህል ክፍል፣ ሁሉ መርዝ ነው ማለትህ ግን አልተዋጠልኝም።

እኛ መንዞች ከእህል ሌላ ምን በላን? ጠዋት ቆሎ፣ ቀን የገብስ እንጀራ በሽሮ ወይም በባቄላ ክክ፣ በጾም ንፍሮና አሹቅ፣ መንገድ ሲወጣ በሶ። ሥጋ የዓመት በዓል ነው። ጤፍማ በዚህ 3,000 ሜትር ገደማ ብርድ ላይ ስለማይሆን ከምንጃር ወይም ከመርሐቤቴ የሚመጣ የእንግዳ እህል ነበር። ያ ሁሉ ካርቦሃይድሬት ነው እኮ!

ነገሩ ያለው እህሉ ላይ ሳይሆን አበላሉ ላይ ነው። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚሉት አሰር አለው፤ አንጀት ውስጥ ውሃ ሲያገኝ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ስኳሩም ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ባቄላና አተርም እንዲሁ ቀስ ብለው የሚፈጩ ናቸው። አንተ ከተማ የምትበላው የፉርኖ ዳቦ ግን ፉርሽካው ወጥቶለት ዱቄቱ ብቻ የቀረ ነው፤ ወዲያው ስኳር ይሆናል። ለስላሳውንስ ትተሃል? በአንዱ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። እንጀራ ትቶ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው አይቻለሁ፤ አንተ እንዳትሆን።

ሁለተኛው ነገር ሥራ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ስኳሩን ከደም እየሳበ ይጠቀምበታል። አያትህ ከበላ በኋላ ወይ ወደ እርሻው ወይ ወደ ገበያ በእግሩ ነበር፤ አንተ ወንበር ላይ ትመለሳለህ። ከምሳ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ብትራመድ እንኳ ጥቅም አለው።

ደግሞ «የድሮ ሰው የስኳር በሽታ አያውቅም» የሚሉህን አትመን። ማን ለክቶት? ሰው ከስቶ፣ ውሃ ውሃ ብሎት፣ ዓይኑ ፈዞ ሲሞት «መጋኛ ነው» ተብሎ ይቀበር ነበር። እንዲያ ቆጥበው የበሉትም መርጠው ሳይሆን ስላልነበራቸው ነው። የ77ን ክፉ ቀን ያየ ሰው የድሮን ማዕድ እንዲህ አያሞግስም።

በሶ እልክልሃለሁ፤ ታዲያ በስኳር አትበጥብጠው። ዱቄት የሆነ እህል ሆድ ውስጥ ከቆሎው ፈጥኖ ይፈጫልና በዛ አድርገህ የምትቆረጥመው ሰነፍ ቆሎውን ይሁን። እናትህ «በማር ይበጥብጠው» ትላለች፤ ማርም ያው ስኳር ነው፣ እዚህ ላይ አትስማት።

ከሁሉ በፊት ግን ተመርመር። ሌሊቱን ሳትበላ አድረህ ጠዋት ስትለካ ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ደህና ነህ፤ ከ100 እስከ 125 ጠርዝ ላይ ነህ፤ 126ና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራም ከታየ ስኳር ነው። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየውም ምርመራ አለ፤ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ እንደዚያው ነው። መድኃኒት ካዘዙልህ ያለ ሐኪም ምክር አትጹም፤ አጎትህን ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ላብ አጥምቆት የወደቀው ክኒኑን ውጦ ሳይበላ ስለዋለ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ነው።

ቆሎውና በሶው ቅዳሜ በሚመጣው ጎረቤታችን እጅ ይደርስሃል። ውጤቱን ስትነግረኝ ቁጥሩን ንገረኝ፤ «ደህና ነው» ብለህ እንዳትሸኘኝ።

አባትህ