ኮርኒሱ ሳይደፈን ጣራው ስለታፈነበት ሥራ የቀረበ ቅሬታ

ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ቤታችን የተሠራው የኮርኒስ ማሸግ ሥራ እንዲታረምልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ጥቅምት ሠራተኞቻችሁ በእናቴ ቤት ኮርኒስና ጣራ ላይ ሥራ ሠርተው ሄደዋል። የተስማማነው ግልጽ ነበር። ሙቀት የሚያመልጥባቸውን የኮርኒስ ቀዳዳዎችና ስንጥቆች መድፈን፣ ከዚያ በላዩ ሙቀት የሚይዘውን የፋይበር ግላስ ንጣፍ ማንጠፍ። ቀብዱን በሰዓቱ ሰጥተናል። ሥራው አለቀ ስትሉን ቀሪውን ሳንቲም ሳናስቀር ከፍለናል። ዛሬ ቤቱ እንደ ድሮው ይበርዳል። ድሮ ያልነበረ ውሃ ጠዋት ጠዋት ከኮርኒሱ ይንጠባጠባል። የሳሎኑ መብራት ደግሞ ቤቱን በእሳት ሊያስበላብን ነበር። በስልክ «ሰው እንልካለን» ከመባል ያለፈ መልስ ስላጣን በጽሑፍ ማቅረብ ግድ ሆነብን።

ከሁሉ በፊት ግን ከገንዘቡም ከብርዱም የሚበልጠውን ልናገር።

ሥራው ባለቀበት ዕለት ከሠራተኞቻችሁ አንዱ እናቴን «እማማ፣ ከእንግዲህ ማታ ከሰል አስገብተው በሩን ቢዘጉ ሙቀቱ እስኪነጋ አይወጣም» ብሏታል። ልጁ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምክሩ ግን ሰው ይገድላል። ከከሰል ፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ስለዚህ ነገር ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ያለምክንያት አይደለም። ቀዳዳ በበዛበት ቤት እንኳ ሰው በከሰል ታፍኖ ይሞታል። ቤቱ ሲታሸግማ አደጋው ይብሳል። ቤት የሚያሽግ ድርጅት ዕቃውን ሰብስቦ ከመውጣቱ በፊት ለባለቤቱ ሊነግረው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነው። ከሰል ውጭ ይቀጣጠል። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ፍም ያለበት ምድጃ መኝታ ቤት ድርሽ እንዳይል። ከእናንተ በኩል የተነገረው ግን ተቃራኒው ነው።

እናቴ ይህን ያነሳችልን እንዲያው በጨዋታ መሀል ነው። ባታነሳውስ ኖሮ? ይህን ሳስበው አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። እባካችሁ ለሠራተኞቻችሁ በሙሉ ዛሬውኑ ንገሯቸው። የሠራችሁላቸውን ደንበኞችም እየደወላችሁ አስጠንቅቁ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ ይኼኛው አይዘግይ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ቤቱ እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ቤቶች የቆየ ነው። ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ደግሞ ቁርጥማት አለባት። ሥራውን ለእናንተ የሰጠነው ለዚሁ ነው።

ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ኮርኒሱ ላይ ቀዳዳ ካገኘ በዚያው ሾልኮ ቆርቆሮው ሥር ይገባና ከዚያ ወደ ውጭ ይሄዳል። በወጣው ምትክ ቀዝቃዛ አየር በበሩ ሥርና በመስኮቱ ጠርዝ ይሳባል። ስለዚህ ሰው እግሩ ሥር የሚሰማው ብርድ መነሻው ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ነው። ይህን እኔ አላስተማርኳችሁም። ቤቱን ለማየት የመጣው ባለሙያችሁ ራሱ እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳን። በደንብ ነበር ያስረዳን፣ ያመንናችሁም በዚያ ምክንያት ነው። የተሠራው ግን እሱ የተናገረው አይደለም።

ብርዱ አልቀንስ ሲለን አንድ ምሽት በርና መስኮቱን ዘጋግተን ዕጣን አጨስን። ማጨሻውን መሰላል ላይ ይዤ ኮርኒሱን ተከትዬ ዞርኩ። መሀል ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ኮርኒሱ ላይ ይበተናል። የመብራት ሽቦ የሚወርድበት ጋ ስደርስ ግን ተጠማዘዘና ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ቀዳዳው አውራ ጣቴን ያስገባል፣ ሽቦው ግን ቀጭን ነው። ኮርኒሱና ግድግዳው በሚገናኙበት ጥግ ጥጉን ይዞ ይሳባል። የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ በሚያልፍበትም እንዲሁ። ከሁሉ የባሰው ወደ ኮርኒሱ የሚወጣበት ክዳን ነው። ጠርዙ ላይ ጎማ የለው፣ በደንብ አልገጠመ። ጭሱን ጠብ ሳያደርግ ዋጠው።

በማግሥቱ የሰፈራችን አናጢ ወደ ላይ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩ። መደፈን ከነበረባቸው ቀዳዳዎች አንዱም አልተደፈነም። ፋይበር ግላሱ በቀዳዳዎቹ ላይ እንዲሁ ተነጥፏል። የተረፈው የድሮ ፋይበር አንድ ጥግ ላይ ነበርና ገለበጥነው። ከቀዳዳዎቹ በላይ የነበረበት ቦታ ጥላሸት መስሎ ጠቁሯል። ለዓመታት አየር ሲያልፍበት አቧራውን ያጣራው እሱ ነው። የድሮው ባለበት ቦታ ቀዳዳው የት እንዳለ ራሱ እያመለከተ ነበር፣ ያየው ሰው ግን የለም። ፋይበር ግላስ ሙቀት ይይዛል እንጂ አየር አያቆምም። ቀዳዳ ሳይደፍኑ ፋይበር ማንጠፍ ጋቢ ደርቦ ደረትን ለነፋስ ከፍቶ እንደመቀመጥ ነው።

ታዲያ ለቀዳዳዎቹ መድፈኛ የመጣው፣ ተነፍቶ አብጦ የሚደርቀው ፎም ሁሉ የት ሄደ? የጣራው ክፈፍ ላይ። ቆርቆሮው ከግድግዳው አልፎ በሚወጣበት፣ ጣራው ሥር ያለው ክፍት ቦታ ከውጭ አየር በሚያገኝበት ዙሪያውን በፎም ሞልታችሁታል። አናጢው ሲያየው ራሱን ያዘ።

ያ ክፍተት የተተወው ቤቱ እንዲበርደው አልነበረም። ጣራው እንዲተነፍስ ነው። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን በፍጥነት ስለሚለቅ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። እርጥበት ያለው አየር ሲነካው ከሥሩ ያልበዋል። ክፈፉ ክፍት ከሆነ ነፋሱ እርጥበቱን ጠርጎ ይወስደዋል። የእኛ ቤት ኩሽና ከዋናው ቤት ጋር የተያያዘ ነው። እንጀራ ሲጋገር፣ ወጥ ሲንተከተክ፣ ውሃ ሲሞቅ እንፋሎቱ ባልተደፈኑት ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣል። ድሮ በክፈፉ በኩል ይሄድ ነበር፣ አሁን መውጫ የለውም። መደፈን ያለበት ክፍት ቀርቶ ክፍት መቅረት ያለበት ተደፈነ።

ማለዳ ላይ ቢወጣ ከቆርቆሮው ሥር ብቅ ያሉት የሚስማር ጫፎች ሁሉ አንዳንድ ጠብታ ይዘዋል። ሞራሌዎቹ ላይ ነጭ ሻጋታ ጀምሯል። አዲሱ ፋይበር ግላስ በሁለት ቦታ ረጥቦ ተጣብቋል። የረጠበ ፋይበር ደግሞ ሙቀት አይይዝም። ከእናቴ አልጋ በላይ ያለው ቺፑድ አብጦ ቡናማ ክብ ሠርቷል።

ይህን በስልክ ስንነግር የሥራ ተቆጣጣሪያችሁ «አዲስ የታሸገ ጣራ መጀመሪያ ላይ ያልበዋል፣ እየቆየ ይተዋል» አለን። አይተውም። እንፋሎቱ እስከወጣና መሄጃ እስካጣ ድረስ በየብርዱ ሌሊት ይደገማል። እንጨቱ እየበሰበሰ፣ ሚስማሩ እየዛገ ይሄዳል እንጂ። ደንበኛን ለማረጋጋት ተብሎ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ተገቢ አይደለም።

የሳሎኑ መብራት ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። ኮርኒሱ ውስጥ የተቀበሩ ሃሎጅን ስፖቶች አሉን። ኮርኒሱ ላይ ሠራተኞቻችሁ ፎም የነፉት እነዚህ ላይ ብቻ ነው፣ ያውም መነፋት የሌለበት ቦታ። ሃሎጅን በጣም ይግላል፣ ለመቀዝቀዝ በዙሪያው ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ተራ ፎም ደግሞ ይቀጣጠላል። አንድ ማታ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። መብራቱን አጥፍተን በማግሥቱ ኤሌክትሪሻን ጠራን። ስፖቱን ሲያወጣው ከላይ ያለው ፎም ከስሎ ጥቁር ሆኗል፣ የሽቦው ልባስ ቀልጦ መዳቡ ይታያል። ያንን ቁራጭ ፎምና ሽቦ በላስቲክ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፣ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከዚያ ወዲህ የሳሎኑን ስፖቶች አላበራንም። አንድ ቋሚ መብራት ገዝተን በእሱ እንጠቀማለን።

ክፈፉ ላይ ያለው ፎም ራሱም ከአሁኑ ቢጫ ሆኖ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ይህ ዓይነት ፎም ፀሐይ አይችልም፣ መሸፈን ወይም መቀባት ነበረበት። የሚነሳ ስለሆነ በዚህ ብዙ አልከራከርም።

የኤሌክትሪኩን ወጪ ግን ሳላነሳ አላልፍም። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየጊዜው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የተጠቀመ ሰው ደግሞ ከፍ ባለው እርከን ይከፍላል። ይህንን ሥራ ስናሠራ ሂተሩ አመሻሽ ላይ ለትንሽ ሰዓት በርቶ ይበቃል ብለን ነበር፣ እናንተም ያላችሁን ይህንኑ ነው። አሁን እናቴ እስክትተኛ ድረስ ይበራል። ያም ሆኖ ከተጠፋ በኋላ ክፍሉ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ከጡረታ ደመወዝ ላይ የሚከፈል ቢል ነው።

የምንጠይቀው ይህ ነው። ክፈፉን የሞላው ፎም በሙሉ ተነሥቶ አየር መተላለፊያው ይከፈት፣ ወፍና አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይወጠርበት። የረጠበው ፋይበር ወጥቶ እንጨቱ ይድረቅ፣ ሻጋታው ይጸዳ። ከዚያ ፋይበሩ ተገልጦ የሽቦ ቀዳዳዎቹ፣ የቱቦው ዙሪያ፣ የኮርኒሱና የግድግዳው መገናኛ አንድ በአንድ ይደፈኑ። ክዳኑ ጎማ ይግባለት፣ መቆለፊያም ይኑረው። ስፖቶቹ ከነፎማቸው ወጥተው ቀዳዳቸው በቺፑድ ይዘጋ። እኛ ከኮርኒሱ ሥር የሚለጠፍ የኤልኢዲ መብራት እንመርጣለን። ለሽቦው የምትልኩት ሰው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሁን። ሥራው ሲያልቅ በዕጣን አብረን እንፈትሽ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፋይበሩ ይመለስ። እናቴ መኝታ ቤት ያበጠው ኮርኒስ መቀየሪያና የኤሌክትሪሻኑ ክፍያ በእናንተ ይሸፈን።

ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ የከፈልነው ገንዘብ ይመለስልን፣ በሌላ ባለሙያ እናሠራዋለን። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው አውቃለሁ። እስከ የካቲት 15 የጽሑፍ መልስ ካላገኘን ደረሰኙን፣ ውሉንና ፎቶዎቹን ይዘን ወደ ከተማው ንግድ ቢሮ እንሄዳለን። ቀኑን የቆረጥነው ለማስፈራራት አይደለም። የበልግ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት እንጨቱ መድረቅ ስላለበት ነው።

በእናንተ ላይ ቂም የለኝም። ለማየት የመጣው ባለሙያችሁ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል። ከተቻለ በዚህ ጊዜ እሱ ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር ይምጣና እላይ ወጥቶ ይቁም።

ሰው ስትልኩ ማለዳ ይሁን። ፀሐይ ቆርቆሮውን ከመታችው በኋላ ጠብታው ስለሚደርቅ የመጣው ሰው የሚያየው ያጣል። ቤት ሰው አይጠፋም፣ መሰላሉም ዝግጁ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የአራት ኪሎ ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የውል ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ የክፈፉ፣ የኮርኒሱና የተቃጠለው ስፖት ፎቶዎች