ዓይናማ እንጀራ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ለፋሲካ የመጣሽ ጊዜ፣ ቡና እያፈላሁ ስለ ነርስነት ሥራሽ ጠይቄሽ ነበር። "ኧረ እማ፣ አሁንማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው" አልሽኝ። ቀጥለሽም ለጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ ሥልጠና ስም ጻፊ ብለውሽ እንደተውሽው ነገርሽኝ። "ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ምን ይጨምርልኛል?" አልሽ። እንግዳ ስለነበረ ዝም አልኩ። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። በስልክ ብነግርሽ "እሺ እማ፣ እሺ እማ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

አንቺ አንደኛ ክፍል በገባሽበት በ2000 ዓ.ም. ለአንድ ምግብ ቤት በቀን 60 እንጀራ አቀርብ ነበር። እጄ ተመስግኖ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ የእሷን እንጀራ የሚያህል የለም ይል ነበር። ምስጋናው ደስ አሰኘኝ። ቀስ በቀስ ግን አዘናጋኝ።

መጀመሪያ የተውኩት አብሲት ነው። ጋግረሽ ስለማታውቂ ላስረዳሽ። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ከቦካ በኋላ ላዩ ላይ ያቆረውን ውሃ ትደፊዋለሽ። ከሊጡ ጥቂት ቀንሰሽ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰልሽ ታበስይዋለሽ። በረድ ሲል መልሰሽ ከሊጡ ጋር ትቀላቅይዋለሽ። ከዚያ ኩፍ እስኪል መጠበቅ ነው። ሊጡን የሚያያይዘውም፣ ዓይኑን የሚያወጣውም እሱ ነው። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚያሰለቸው መጠበቁ ነው።

"ለዛሬ ብቻ" ብዬ ዘለልኩት። ማንም አላወቀብኝም። ስለዚህ በሌላው ቀንም ዘለልኩት። ትኩሱን ለሚበላው ብዙም ልዩነት የለውም። በማግስቱ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ይደርቃል፣ ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። የማግስቱን ደግሞ እኔ አላየውም፤ የሚያየው ተመጋቢው ነው።

የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። 60 የነበረው 40 ሆነ። 40ው 20 ሆነ። "ጤፍ ስለተወደደ ነው" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በእርግጥም በዚያ ዓመት የጤፍ ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። እውነቱን የነገሩኝ ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ናቸው። አንድ ቀን እንጀራዬን ከሰፌዱ አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩትና "ልጄ፣ ዓይኑ ጠፍቷል እኮ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ሌሊት አለቀስኩ። ምግብ ቤቱ ወደ እኔ አልተመለሰም። አንቺም በአሮጌ ጫማሽ ሁለተኛ ክፍል ገባሽ።

በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 2001 ላይ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በርሊን ሮጠ። ከዓመት በፊት እዚያው በርሊን 2:04:26 ገብቶ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ከፊቱ የቀረ ሰው የለም። ዕድሜውም 35 ሆኗል። ቁጭ ብሎ ስሙን ቢበላ ማን ይወቅሰዋል? እሱ ግን ተመልሶ ሄደና 2:03:59 ገባ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች ሲገባ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። በሬዲዮ ስሰማው እጄ ሊጥ ነው። ሰውየው 27 ሰከንድ ከራሱ ላይ ለመቀነስ ሲለፋ ከርሟል፤ እኔ አንድ ሊጥ ኩፍ እስኪል መጠበቅ አቅቶኛል። በጣም አፈርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አብሲት ሳልጥል ጋግሬ አላውቅም።

የእኔ መዘናጋት ያመጣው የደረቀ እንጀራ ነው። አንቺ እጅ ላይ ያለው ግን የሰው ልጅ ነው። ተማሪ ሳለሽ ምጣዱ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ጮክ እያልሽ ታጠኚ ነበር። ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ አሰጣጥ፣ ትክክለኛ ሰዓት። እኔ እንኳን በቃሌ ያዝኩት። የጨቅላ ሕፃን መድኃኒት በክብደቱ ተሰልቶ እንደሚሰጥ፣ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች መጠኑ አሥር እጥፍ እንደሚሆን የነገርሽኝም አንቺ ነሽ። ታዲያ ዓይን ተጨፍኖ ነጥቧ እንዴት ትታያለች?

ክፉ ሠራተኛ ነሽ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ጎበዝ መሆንሽን ስለማውቅ ነው የፈራሁት። እኔም የተዘናጋሁት እጄ በተመሰገነ ጊዜ ነው። ሕፃን ደግሞ "ዛሬ እጅሽ ልክ አይደለም" ብሎ አይነግርሽም። እናቱም ነጭ ገዋን ስታይ ትፈራለች፣ ዝም ትላለች።

የሥልጠናው ምዝገባ ካልተዘጋ ሂጂና ስምሽን ጻፊ። ተዘግቶም ከሆነ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ ጠይቂ። ከአንቺ በፊት የሠለጠነች ነርስ ካለችም አጠገቧ ቁሚና እጇን እዪ። እሁድ ማታ እደውልልሻለሁ፤ ምን እንዳሉሽ ትነግሪኛለሽ።

በርበሬና ሽሮ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። በርበሬው ዘንድሮ ይፋጃል፣ እንዳታበዢው። ሊጡ ደርሷል። አብሲቱን ልጥል ተነሳሁ።

እናትሽ