ባልዲ የያዘውን ሰው ለምን አልጠየቃችሁም?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ፀረ-ጀርም ኬሚካሎች ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ያለቅጥ ሲረጩ ጀርሞች መድኃኒት እንዲላመዱ ሊያግዙ ይችላሉ ማለታችሁ ልክ ነው። ያናደደኝ አንድ ቦታ ነው፤ የጽዳት ሠራተኞች በረኪና በግምት እየበጠበጡ ነገሩን ያባብሱታል ያላችሁበት። ሐኪም አነጋገራችሁ፣ ፋርማሲስት አነጋገራችሁ። ባልዲ የያዘ ሰው ግን አንድም አልጠየቃችሁም።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ ነው የማጸዳው። አዎ፣ በግምት እንበጠብጣለን። መለኪያ ማን ሰጠን? 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጁ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ሲሆን 0.5 በመቶ እንደሚሆን ሠልጥነናል። ግን የሚመጣልን በረኪና ስንት በመቶ እንደሆነ አልተጻፈበትም፣ ፀሐይ ላይ ከርሞ ጉልበቱ ያለቀም አለበት፣ መለኪያ ጆግ ስንጠይቅ ደግሞ መልሱ ሁሌ «በጀት የለም» ነው። ደም የፈሰሰበት ቦታ መጀመሪያ መጠረግ አለበት፣ ከዚያ በረኪናው 10 ደቂቃ ይቆይበታል። ማን ያስቆየናል? ገና ሳይደርቅ አልጋው ሌላ ታካሚ ይተኛበታል። እጄ ተልጧል፣ ጓንቱም የተቀደደ ነው፤ በዚህ ላይ ጥፋተኛ ተብዬ ጋዜጣ ላይ ወጣሁ!

ደግሞስ ሁሉንም ኬሚካል አንድ ላይ መጨፍለቅ ምን ይሉታል? አልኮል ተኖ ይጠፋል። በረኪናም ሥራውን ሲጨርስ ይፈርሳል። ይበልጥ የሚያሳስቡት እንደ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ያሉት፣ ከተወለወሉ በኋላ በትንሽ በትንሹ ዕቃው ላይ የሚቀሩት ናቸው። በቀጠነ ኬሚካል ሳይሞቱ የተረፉ አንዳንድ ጀርሞች ኬሚካሉን ከሰውነታቸው እየገፉ የሚያስወጡበት ፓምፕ አላቸው፤ ያው ፓምፕ አንዳንዱን አንቲባዮቲክም ያስወጣል። አደጋው የሚመጣው ኬሚካል ሲበዛ ብቻ አይደለም፣ ሲያንስም ነው። ይሄ በዘገባችሁ የለም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 እ.ኤ.አ. ትሪክሎሳን የሚባለውን ጀርም ገዳይ ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች ለቤት በሚሸጥ ፀረ-ጀርም ሳሙና ውስጥ እንዳይገቡ ወስኗል። አምራቾቹ ከተራ ሳሙናና ውኃ እንደሚበልጡ ማሳየት አልቻሉማ! ስለ እነሱ ማስታወቂያ አንድ መስመር እንኳ አልጻፋችሁም። ሻጩን ትታችሁ ወልዋዩን ያዛችሁ።

ማስተካከያ አውጡ። ስትመጡ የሌሊት ፈረቃ ላይ ኑ፣ እኛን ጠይቁን፤ ከዚያ ግዢ ክፍል ገብታችሁ በረኪናውን በምን መስፈርት እንደሚገዙት ጠይቁ።

የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ