ሉናን እንዳትፈቻት

ሚጡዬ፣ ትናንት «አባዬ አትጨናነቅ» ብለሽ ስልኩን ስትዘጊው እሺ አልኩ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ እንደገና ብደውል ደግሞ ጨቀጨቀኝ ትያለሽ፣ በቃ ልጻፍልሽ ብዬ ተነሳሁ። ውሾቹን ይዘሽ ካስኬድ ተራራ በእግር ልትሄጂ ነው፣ አትሂጂ አላልኩም። ሂጂ። ግን አንብቢው።

እናትሽ ድብ ሲባል የሚመጣባት በኤልሳዕ ጊዜ 42ቱን ልጆች የሰባበሩት ሁለቱ ድቦች ስለሆኑ ከሷ ጋ ይሄን ወሬ ባታነሺ ይሻላል። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ካስኬድ ላይ የምታገኙት ጥቁር ድብ ነው፣ ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ቡኒም አለ፣ ግሪዝሊ የሚባለው ትልቁ ድብ በዋሽንግተን ስቴት በኩል እዛ ተራራ ላይ በተረጋገጠ ሁኔታ ከታየ ከ1996 ወዲህ የለም። ጥቁሩ ደግሞ ሰው መምጣቱን ከሰማ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዞር ይላል። ስለዚህ እኔ የምፈራው ውሻሽን፣ ሉናን ነው።

ደባርቅ ልጅ ሆኜ አንድ ውሻ ነበረን፣ ጉልበተኛ፣ ጅብ ሲጮህ አጥር ዘሎ የሚወጣ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባል የለ፣ የኛው ግን ጅቡ ሳይሄድ ነበር የሚጮኸው። አንድ ሌሊት እንደልማዱ እየጮኸ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተቀየረ፣ ከዛ በሩን በርግዶ ገብቶ አባቴ ጋቢ ስር ተወሸቀ፣ ጅቡ ተከትሎት መጥቶ በራፉ ላይ ቆሟል፣ ትንፋሹ እዚህ ድረስ ይሰማል። አባቴ ከምድጃው ትንታግ አንስቶ ወረወረበት። ውሻው የተሸነፈ ጊዜ የሚሮጠው ወደ ጌታው ነው፣ ያሳደደውንም ይዞልሽ ይመጣል። ድብም ላይ ሬንጀሮቹ፣ የፓርኩ ጠባቂዎች፣ የሚሉት ይሄንኑ ነው፣ የተፈታ ውሻ ድቡን ያናድደውና ዞሮ ወዳንቺ ይሮጣል።

አምና ሉና ሽኮኮ አይታ ሊሹን፣ ማሰሪያዋን፣ ከእጄ መንጭቃ የሄደችው ትዝ ይልሻል? መዳፌ ተላጠ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ምላሷን አውጥታ መጥታ ቀጥ ብላ እግሬ መሃል ነው የገባችው። ሌላው ውሻሽ ቡቺ አርጅቷል፣ እሱ ድብ ቢያይም ቁጭ ነው የሚለው፣ ሰነፍ ስለሆነ እግዚአብሔር ይባርከው።

ደግሞ ህጉም ነው። ከሬይኒ ፓስ ወደ ስቴሂኪን መንደር የምትወርዱበት ፒሲቲ የሚሉት የእግር መንገድ፣ ያ ከሜክሲኮ ጠረፍ እስከ ካናዳ 4,265 ኪሎ ሜትር የሚሄደው፣ ኖርዝ ካስኬድስ ፓርክ ውስጥ ውሻ የሚፈቀደው እሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል፣ ሊሹም ከ6 ጫማ አይበልጥም። ያ የሚረዝመውን የሚጠቀለለውን ሊሽ ቤት ተይው።

የድብ ማባረሪያውን ስፕሬይ ገዝቻለሁ። እናትሽ ጣሳውን አንብባ «በርበሬ ነው እንዴ? ከኔ ጓዳ አይወስዱም ነበር?» አለችና ስቃ ልትሞት። ወገብሽ ላይ ይንጠልጠል እንጂ ቦርሳ ውስጥ እንዳትከቺው፣ የሚደርሰው ወደ 9 ሜትር ነው፣ ንፋስ ወዳንቺ ከሆነ አንቺንም ውሾቹንም ነው የሚያቃጥለው። ድብ ካያችሁ አትሩጡ፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ሊሹን አሳጥረሽ ያዢያት፣ ረጋ ብለሽ እያወራሽ ወደኋላ። ጥቁር ድብ ከነካሽ ደግሞ ሞቻለሁ ብሎ መተኛት የለም፣ ባገኘሽው ነገር አፍንጫውን መምታት ነው።

ሌላው ምግብ። የውሾቹም ምግብ እኩል ይሸታል፣ ካኒስተሩ ውስጥ፣ ድብ የማይከፍተው የምግብ ዕቃ ውስጥ፣ ይግባ፣ ካኒስተሩ ከድንኳኑ 100 ሜትር ያህል ይራቅ። ቡቺ ሲበላ ግማሹን መሬት ላይ ነው የሚያፈሰው፣ ከስሩ ቁጭ ብለሽ ልቀሚው፣ ሳህኑንም እንዳትረሺ። ማታ ሁለቱም ድንኳን ውስጥ ይተኙ፣ ውጪ አስረሽ እንዳትተያቸው።

እናትሽ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታለች፣ ሁለት ፌስታል ሙሉ፣ በሚጥሚጣ። ያ ሁሉ እዛ ቆርቆሮ ነገር ውስጥ አይገባም፣ እኔ ግማሹን ሸሽጌ አስቀምጥልሻለሁ አትንገሪያት።

ስቴሂኪን ስልክ አይሰራም አሉ፣ በዛች የሳተላይት መሣሪያ «ደረስን» ብቻ ብለሽ ላኪ። ሉናም ደህና ናት ብለሽ ጨምሪበት፣ እናትሽ ቀድማ የምትጠይቀው እሷን ነው።

አባትሽ